ሐውልት የጠየቀው ገዥ

ቤንጃሚን ሲስኮ አዲስ የተሾመበትን የጠፈር ጣቢያ ገና በመላመድ ላይ ሳለ አንድ እንግዳ ቢሮው ድረስ ይመጣበታል። ቆዳው ግራጫ ነው፤ ከጆሮው ሥር ተነስቶ ትከሻው ድረስ የሚወርድ ወፍራም ሸንተረር አንገቱን አግዝፎታል፤ ድምፁ ግን ለስላሳና ትሑት ነው። አይፎክርም፣ አያስፈራራም። ከሁለት ሳምንት በፊት ይህ ቢሮ የእሱ እንደነበር ያስታውሳል፤ ከጠረጴዛው በዚህኛው በኩል መቆም እንዳልለመደ ይናገራል፤ ቢሮው እንደሚናፍቀውም ሳያፍር ይገልጻል። ስሙ ጉል ዱካት ይባላል። የሚናፍቀው ክፍል ደግሞ ባጆር የምትባለውን ፕላኔት ሕዝብ በግዳጅ ሥራ ሲያማቅቅ ትእዛዝ ይሰጥበት የነበረው ነው።

ይህ እ.ኤ.አ. በ1993 መጀመሪያ ላይ የተላለፈው የ«ስታር ትሬክ፦ ዲፕ ስፔስ ናይን» የመጀመሪያ ክፍል ነው። ተከታታይ ድራማው እስከ 1999 ድረስ ለሰባት ምዕራፎች፣ ለ176 ክፍሎች ዘልቋል። ዱካት በዚያ የመጀመሪያ ክፍል የሚታየው ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም፣ በኋላ የሚሆነው ሁሉ በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ ተቀምጧል። የቀማውን ቤት ለቆ ሲወጣ ቅር የሚለው ሰው ነው። ያ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራ ቀማኛ በሆነ ነበር፤ እሱ ግን ቅር መሰኘቱን ባለቤቶቹ እንዲረዱለት ይፈልጋል።

የዱካት ወገኖች የሆኑት ካርዳሲያውያን ባጆርን ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ይዘው ማዕድኗን አግዘው ወስደዋል፣ ሕዝቧን በካምፕ አጉረው አሠርተዋል፣ ቅዱሳት ንዋያቷን ዘርፈዋል። ድራማው የሚጀምረው እነሱ ከወጡ በኋላ ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ ጦርነቱን ያሳየንና ድል ሲገኝ መጋረጃውን ይዘጋል። እዚህ ግን የገረፈና የተገረፈ በአንድ ኮሪደር ይተላለፋሉ፣ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይደራደራሉ። በልጅነቷ ጠመንጃ ያነሳችው ባጆራዊት አርበኛ ኪራ ነሪስ አሁን ሻለቃ ሆና የዱካትን የአክብሮት ሰላምታ መቀበል ይጠበቅባታል። ጣቢያው ራሱ በባጆራውያን ጉልበት የተሠራ ነው፤ የአዛዡ ቢሮ ከሌላው ከፍ ብሎ የቆመው ከታች ያሉት ሁሉ ቀና ብለው እንዲያዩት ታስቦ ነው። ሲስኮ እዚያ ወንበር ላይ በተቀመጠ ቁጥር ወንበሩ ለማን እንደተሠራ ተመልካቹ አይረሳም። የክፉው ሰው ጥላ እሱ በሌለበት ትዕይንት ሁሉ አለ፤ ደራስያኑ ለዚህ አንዲት ቃል ማባከን አላስፈለጋቸውም።

ክፉ ገጸ ባሕሪ ሲጻፍ ስንፍና የሚገባባቸው በሮች የታወቁ ናቸው። ሰውየው ዓለምን ሁሉ ልዋጥ ባይ ይሆናል፤ ለምን እንደሚፈልጋት ግን ማንም አይጠይቀውም። ወይም ደግሞ የተበደለበት ልጅነት ተፈልጎ ይለጠፍለትና ተመልካቹ «ታዲያ ምን ያድርግ!» ብሎ ያዝንለታል፤ ምክንያቱ ይቅርታ ሆኖ ያርፋል። ዱካትን የጻፉት ሰዎች አንድ ፍላጎት ብቻ ሰጡት፦ ምስጋና። የገዛቸው ሰዎች እንዲወዱት፣ በመሪዎች ሁሉ ፊት «ደግ ገዥ ነበር» እንዲሉለት ይፈልጋል። ፍላጎቱ የማናችንም ሊሆን የሚችል ነው፤ ለሠራው ሥራ መመስገንን የማይሻ ማን አለ? አስፈሪው ነገር የተጠየቁት ሰዎች ማንነት ነው። ለሰባት ዓመት ያየነው ጭካኔ፣ ደግነት፣ ቀልድና እንባ በሙሉ ከዚህች አንዲት ረሃብ ይመነጫል፤ ምንጩን አንዴ ካገኘን በኋላ የሚያደርገው ነገር ሁሉ የሚገርመን ቢሆንም የማይመስል አይሆንብንም።

ዱካትን የተጫወተው ማርክ አላይሞ ለካርዳሲያውያን ዘር አዲስ አልነበረም። በ1991 ካርዳሲያውያን በስታር ትሬክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታዩ የጦር አዛዣቸውን የተጫወተው እሱ ነው። የማይክል ዌስትሞር ሜካፕ ከግንባሩ እስከ አንገቱ ድረስ ፊቱን በሸንተረር ሸፍኖት ሳለ አላይሞ የቀሩትን ነገሮች አንድም ሳያባክን ይጠቀምባቸዋል። አንገቱን ትንሽ ዘንበል ያደርጋል። ለሚያነጋግረው ሰው ከሚገባው ግማሽ እርምጃ አልፎ ይጠጋል። ከመናገሩ በፊት ፈገግ ይላል፤ ፈገግታው የሚቀድመው ቀጥሎ የሚናገረው ነገር እንደሚወደድለት እርግጠኛ ስለሆነ ነው። ሰውየውን እንደ ክፉ አድርጎ አይጫወተውም፤ እንደተበደለ፣ እንዳልተረዱት ደግ ሰው አድርጎ ነው የሚጫወተው። አብራው የምትተውነው ናና ቪዚተር ደግሞ የኪራን ሰውነት የእውነቱ መለኪያ አድርጋዋለች። እሱ ሲጠጋ ትከሻዋ ይጠነክራል፤ ድምፁ ሲለሰልስ መንጋጋዋ ይጨመቃል። ቪዚተር በኪራና በዱካት መካከል የፍቅር ታሪክ ይጻፍ የሚለውን ሐሳብ አጥብቃ ተቃውማለች፤ እንኳንም ተቃወመች። የእሷ አካል ለአፍታ ቢላላ ኖሮ የእኛም ፍርድ አብሮ በላላ ነበር።

በአራተኛው ምዕራፍ ውስጥ «ኢንዲስክሬሽን» የሚባለው ክፍል የዚህን ጥበብ አሠራር በደንብ ያሳያል። ኪራና ዱካት የጠፋች መርከብ ፍለጋ በረሃ ላይ አብረው ይጓዛሉ። ዱካት እሾህ ላይ ይቀመጣል፤ ክብሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይረግፋል፤ ኪራ ትስቃለች፣ ሳይወድ በግዱ እሱም ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን። ደራሲው ሳቁን ያስቀመጠው ጠባቂያችንን ከበሩ ላይ ለማንሳት ነው። ብዙም ሳይቆይ ዱካት ከባጆራዊት ሴት የወለዳት ዚያል የምትባል ልጅ በመርከቧ ላይ እንደነበረች፣ የመጣውም እሷን ፈልጎ ሊገድላት እንደሆነ እንሰማለን፤ ልጅቱ በሕይወት ካለች ሥልጣኑና ትዳሩ ያበቃላቸዋልና። መሣሪያውን በገዛ ልጁ ላይ አነጣጥሮ ይቆማል። አይተኩስም። ይዟት ወደ አገሩ ይመለሳል፤ የሚያስከፍለውንም ዋጋ ይከፍላል።

ይህን ያየ ሰው ዱካት ውስጥ መልካምነት አለ ቢል አልፈርድበትም፤ ፍቅሩ የውሸት አይደለም። እኔ ግን ትዕይንቱን ከተከታዮቹ ጋር አገናኝቼ ሳየው ሌላ ነገር ይታየኛል። ዚያል ግማሽ ባጆራዊት ናት፤ አባቷን ከልቧ ትወደዋለች፤ ለማዳኑም ታመሰግነዋለች። አንድ ፕላኔት ሙሉ የነፈገውን ምስጋና የምትሰጠው ብቸኛዋ ባጆራዊት እሷ ናት። ስለዚህ ሲወዳት ልጁን ይወዳል፣ በልጁም ዓይን ውስጥ የሚያየውን ራሱን ይወዳል። ደራስያኑ ሁለቱን ክሮች አይለያዩልንም፤ ትክክለኛው አሠራርም ይኸው ይመስለኛል።

በአምስተኛው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ ዱካት ጣቢያውን በጦርነት መልሶ ይይዛል። ሲስኮ እየለቀቀ ሲወጣ የቤዝቦል ኳሱን ጠረጴዛው ላይ ትቶለት ይሄዳል። ዱካት ኳሱን አንስቶ ያየውና መልእክቱ ወዲያው ይገባዋል፦ ሰውየው ተመልሼ እመጣለሁ ማለቱ ነው። ይህች ትንሽ ቅጽበት በጣም ደስ ትለኛለች፤ ክፉው ሰው ጠላቱን በደንብ ማንበብ እንደሚችል ታሳያለችና። ሞኝ ባላንጣ ጀግናውን ያሳንሰዋል፤ ዱካት ግን ከራሱ በስተቀር ሁሉንም ሰው ማንበብ ይችላል።

በስድስተኛው ምዕራፍ፣ «ሳክሪፋይስ ኦቭ ኤንጅልስ» በተባለው ክፍል፣ ድሉ በእጁ የገባ መስሎት ዌዩን ከሚባለው አጋሩ ጋር ያወራል። ዌዩን ነገሩን በስሌት ብቻ የሚያይ ሰው ነው፤ የተሸነፈ ሕዝብ ካስቸገረ ይጥፋ ባይ ነው። ዱካት ግን በዚህ ይደነግጣል። ለእሱ እውነተኛ ድል ማለት ጠላት ከመጀመሪያውም መቃወሙ ስሕተት እንደነበር እንዲያምን ማድረግ ነው። ቀጥሎም በሕይወቱ ካጋጠሙት ቅሬታዎች ትልቁን ይነግረዋል። ባጆራውያንን እንደ ልጆቹ ተንከባክቧቸው ሳለ፣ እስከ ዛሬ ድረስ በባጆር ምድር አንዲት ሐውልት እንኳ አልቆመለትም። ዌዩን ሐውልቱ አለመኖሩን መገመት እንደማይከብደው በጨዋነት ይመልሳል። ዌዩንን የሚጫወተው ጄፍሪ ኮምብስ ይህን መልስ የሚሰጥበት ቀዝቃዛ ትሕትና ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ትዕይንቱ ያስቃል፤ ሳቁ ሲበርድ ግን ጥያቄው ከልብ የወጣ መሆኑ ይገባናል። ሰውየው በእርግጥ ሐውልቱን ጠብቆ ነበር።

በዚያው ክፍል ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ውጊያውን ይሸነፋል። አብራው እንድትሸሽ ሲለምናት ዚያል እምቢ ትላለች፤ የጠላቶቹን ማምለጥ የረዳችውም እሷ እንደሆነች ትነግረዋለች፤ እንደምትወደውም ትነግረዋለች። ይህን የሰማው ታማኝ መኮንኑ ዳማር በከሃዲነቷ ተኩሶ ይገድላታል። ሲስኮ በመጨረሻ የሚያገኘው አእምሮው የተናጋ እስረኛ ነው። ዱካት ኳሱን ይመልስለትና፣ አንተንም ይቅር ብዬሃለሁ ይለዋል። ይቅርታ ጠያቂ መሆን የሚገባው ሰው በፍርስራሹ መካከል ቁጭ ብሎም ይቅርታ ሰጪ ነው። ራሱን የመሪነት ወንበር ላይ የሚያስቀምጥበት ልማድ ከአእምሮው በላይ ጠንካራ ሆኖ ተርፏል። አላይሞ ይህችን ንግግር በሹክሹክታ፣ ያለ አንዳች ክፋት ይላታል።

ብዙ ተመልካች ዱካትን ወደደው፤ አንዳንዱም በደሉን ረስቶ ጠበቃው ሆነ። የድራማው መሪ ደራሲና አዘጋጅ አይራ ስቲቨን ቤር በዚህ መረበሹ የታወቀ ነው። ሮናልድ ሙር የጻፈውና በ1998 የተላለፈው «ዋልትዝ» ለዚህ ጭንቀት የተሰጠ መልስ ነው ማለት ይቻላል። ሲስኮ ቆስሎ፣ ዱካት እያስታመመው፣ ሁለቱ ብቻቸውን አንድ በረሃማ ፕላኔት ላይ ዋሻ ውስጥ ይሆናሉ። ዱካት የእርዳታ ጥሪው እየተላለፈ እንደሆነ ይነግረዋል፤ ውሸት ነው። ምግብ ያበስልለታል። ከዚያም ደጋግሞ አንድ ነገር ይጠይቀዋል፦ ስለ እኔ በእውነት ምን ታስባለህ? ሲስኮ ነገሩን ሊያልፈው ይሞክራል፤ ዱካት አይለቀውም። ጥያቄው በተደጋገመ ቁጥር ዋሻው እየጠበበ ይሄዳል። በሌሉበት የሚታዩት ሦስት ሰዎች ደግሞ ዙሪያውን ይመላለሳሉ። ዳማር እንደ ታማኝ ወታደር ያቆለጳጵሰዋል፣ ዌዩን ይነዘንዘዋል፣ ኪራ ትስቅበታለች። በራሱ ቅዠት ውስጥ እንኳ ኪራን ሊያስመሰግናት አልቻለም። የደራሲው ብልሃት እዚህ ላይ ልክ የለውም።

በመጨረሻ ሲስኮ ስልቱን ይለውጥና ዳኛ ሆኖ ይቀመጥለታል፤ ተናገር፣ እሰማሃለሁ ይለዋል። ዱካት የመከላከያ ቃሉን በቁጥር ይጀምራል። ገዥ ሆኖ እንደተሾመ የካምፖቹን የምርት ኮታ በ50 በመቶ ቀንሷል፤ የሕፃናትን የጉልበት ሥራ አስቀርቷል፤ ሕክምናውን አሻሽሏል፤ ራሽን ጨምሯል። በአንድ ወር ውስጥ በካምፖቹ የሚሞተው ሰው በ20 በመቶ ቀንሷል። መልሱስ ምን ነበር? ከ200 በላይ ካርዳሲያውያንን የገደለ ቦምብ! ስለዚህ 200 ተጠርጣሪዎች ተለቅመው እንዲገደሉ አዘዘ፤ ተመጣጣኝ ነበር ይላል። ቀጥሎ በራሱ ላይ የግድያ ሙከራ ተደረገ፤ ሌሎች ሰዎችም ተገደሉ። እያንዳንዱ ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ሙር ውሸታም አላደረገውም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው። ሰውየው የሞትን ቁጥር በ20 በመቶ ስለቀነሰ የቀረው 80 በመቶ ምስጋና ሆኖ እንዲመለስለት ይጠብቃል፤ ያ ሳይሆን ሲቀር ግድያው የገዳዩ ሳይሆን የሟቾቹ ጥፋት ሆኖ ይታየዋል። ሲስኮ ይህን ሰምቶ አይከራከርም፤ ታዲያ ለምን ይህን ያህል ተቃወሙህ እያለ ብቻ ይገፋዋል። ሲስኮን የሚጫወተው ኤቨሪ ብሩክስ የጠያቂውን ድምፅ እንደ መርማሪ ሐኪም አረጋግቶ ይይዘዋል። ዱካትም ራሱን እየጠለፈ ይሄድና፣ ሁሉንም ልገድላቸው ይገባ ነበር እስከሚለው ድረስ ይደርሳል። ማንም አላስገደደውም፤ የተራበው ምስጋና ባዶ እጁን ሲመለስ የሚሆነው ጥላቻ ነው።

«ዋልትዝ» የሚጎድለው ነገር ቢኖር መዝጊያው ነው። ሲስኮ በሥራ ባልደረባው ፊት ዱካት ከእንግዲህ በጥቁርና በነጭ የሚታይ ጠላቱ እንደሆነ ያውጃል፤ ተመልካቹ ራሱ የደረሰበትን ፍርድ መልሶ ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ከዚያ በኋላ ዱካት የእሳት መናፍስት የሚባሉ ክፉ ኃይሎች አገልጋይ ይሆናል፤ ዓይኑ ይቀላል፤ አስማት ይገባበታል። ሰው በሰውነቱ ይህን ያህል ከፍቶ ሳለ ጋኔን መጨመር ክፋቱን ያቀለዋል። ይሁንና በሰባተኛው ምዕራፍ «ኮቨናንት» የተባለው ክፍል አሮጌዋን ረሃብ አልረሳትም። ዱካት ባዶ በሆነ አንድ ጣቢያ ላይ የሚሰግዱለት ባጆራውያንን ሰብስቧል። የተመኘውን ምስጋና አገኘ! ከምእመናኑ መካከል አንዲት ሴት ካርዳሲያዊ መልክ ያለው ልጅ ስትወልድ ተአምር ነው ይላል፤ ተንኮሉ እንዳይጋለጥ ደግሞ ሁሉም መርዝ ወስደው አብረው እንዲሞቱ ያዛል፤ የእሱ ክኒን ብቻ መርዝ የለበትም።

ከዚህ ሁሉ በፊት፣ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ፣ ደራስያኑ የዱካትን ፍጹም ተቃራኒ ሠርተው ነበር፤ ይህን ማስተዋል ሥራውን የበለጠ ያስደንቃል። «ዱየት» ብዙ ወጪ ያልፈሰሰበት ክፍል ነው፤ ዋናው ነገር በአንዲት የእስር ክፍል ውስጥ ይካሄዳል። ኪራ የጋሊቴፕ የሞት ካምፕ አዛዥ የነበረው ዳርሂል ነው ብላ ያመነችበትን ካርዳሲያዊ ትመረምራለች። ሃሪስ ዩሊን የተጫወተው ይህ ሰው መጀመሪያ ይክዳል፤ ከዚያ ይፎክራል፤ ግድያውን በኩራት እየዘረዘረ ኪራን ያቃጥላታል። ኋላ ላይ እውነቱ ይወጣል። ሰውየው ማሪትዛ የሚባል የካምፑ መዝገብ ቤት ጸሐፊ ነው፤ በቀዶ ሕክምና የአለቃውን መልክ ይዞ፣ አገሩ የሠራችውን ወንጀል እንድታምን ብሎ ሊፈረድበትና ሊሞት የመጣ። ኪራ ይህን ስትነግረው ሊያቆም አይፈልግም፤ ፉከራውን ይቀጥላል። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መካከል ድምፁ ይሰበራል። ሌሊት ሌሊት የሚሰማውን ጩኸት ላለመስማት ጆሮውን ይደፍን እንደነበር ሲናገር ያው ፊት፣ ያው ሜካፕ ነው፤ ሰውየው ግን ሌላ ሆኗል። ዳይሬክተሩ አልተቻኮለም። ምንም ያልገደለው ጸሐፊ የሁሉንም ኃጢአት ልሸከም ይላል፤ ብዙ ያስገደለው ገዥ አመስግኑኝ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያየ ሰው ለዱካት ዳግመኛ አያዝንም።

ካይ ዊንን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ በእኔ ሚዛን በዚህ ድራማ ውስጥ ከሁሉ የተሻለው ሥራ እሷ ናት። የባጆር የሃይማኖት መሪ ናት። የተጫወተችው ሉዊዝ ፍሌቸር በ1975ቱ «ዋን ፍሌው ኦቨር ዘ ኩኩስ ኔስት» ፊልም በነርስ ራችድነት ኦስካር ያገኘች ተዋናይ ነበረች፤ በለዘበ ድምፅ ሰውን ማነቅ ታውቅበት ነበር። ዊን ሁሉንም ሰው «ልጄ» ትላለች። ቃሉ ከፈገግታ ጋር ይመጣል፤ ፈገግታው ግን ዓይኗ ጋ አይደርስም። በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ተቀናቃኟን ለማስገደል የታሰበ ሴራ ከጀርባ ሆና ስታሽከረክር አይተናልና እንጠላታለን። በአምስተኛው ምዕራፍ «ራፕቸር» ውስጥ ግን ኪራን አቁማ፣ እናንተ አርበኞች ብቻ የታገላችሁ ይመስላችኋል ትላታለች። ዊን ባጆራውያን የሚያመልኳቸውን የነቢያትን ቃል በማስተማሯ አምስት ዓመት በካርዳሲያውያን ካምፕ ታስራለች፤ እያንዳንዱን ግርፋት ታስታውሳለች፤ ኪራ መሣሪያ ነበራት፣ እሷ ግን ከእምነቷ በቀር ምንም አልነበራትም። ኪራ የምትመልሰው ታጣለች። እኛም እናጣለን። ደራስያኑ ከዚህ በኋላም ደግ አላደረጓትም፤ ሥልጣን ወዳድነቷ እንዳለ ነው። ድፍረቷም እውነት ነው፣ ተንኮሏም እውነት ነው።

የእሷ ረሃብ ደግሞ መሰማት ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ነቢያትን አገልግላ አንድ ቀን እንኳ አላናገሯትም፤ ሃይማኖቷን የማይጋራውን ባዕድ ሲስኮን ግን መልእክተኛቸው አድርገው መረጡት። በመጨረሻዎቹ ክፍሎች ራእይ ሲመጣላት የምትደሰትበት ደስታ የሕፃን ደስታ ነው። ራእዩ ከእሳት መናፍስት እንደሆነ ስታውቅ ትንቀጠቀጣለች፤ ኪራን አስጠርታ እርዳታ ትለምናታለች። ኪራ መንገዱን ትነግራታለች፦ ሥልጣንሽን ልቀቂ። እዚህ ላይ ፍሌቸር የምትሠራውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ለጥቂት ሰከንድ ፊቷ ላይ እሺታ ይታያል፤ እውነተኛ እሺታ። ከዚያ ባጆር እንደምታስፈልጋት ትናገራለች፤ አገልግሎቷ ገና ብዙ እንደሆነ ትናገራለች፤ በእያንዳንዱ ቃል ያ እሺታ እየራቀ ይሄዳል። ነፍስ ስትጠፋ በዓይን ማየት ከተቻለ እንዲህ ነው የሚታየው። ወደ ክፋት የሚያደርሳት በር ባጆር ያለ እሷ ትጎዳለች የሚል፣ በጎ የሚመስል ሐሳብ ነው።

በመጨረሻው ክፍል፣ በእሳት መናፍስቱ ዋሻ ውስጥ፣ ዱካት በእነሱ ኃይል ሲስኮን ሊገድል ሲል ዊን የመናፍስቱን የተረገመ መጽሐፍ አንስታ ወደ እሳቱ ልትጥለው ትሞክራለች፤ ትቃጠላለች። ብዙ ሰው ይህን ንስሐ ይለዋል። ሌሎች ቅናት ነው ይላሉ፤ መናፍስቱ በእሷ ፈንታ ዱካትን መርጠዋልና፣ እንደ ነቢያቱ ሁሉ እነሱም አልፈለጓትም። ድርሰቱ አይወስንልንም። እኔ ሁለቱም አብረው አሉ ባይ ነኝ፤ ሚዛኑን ወደ ንስሐ የሚያጋድልልኝ ግን የምትጮኸው ጩኸት ነው። ሲስኮን የምትጠራው በስሙ ሳይሆን «መልእክተኛ» ብላ ነው። ለሰባት ዓመት ይህን ማዕረግ ጥርሷን ነክሳ፣ በፈገግታ ሸፍና ስትጠራው ኖራለች። አሁን ፈገግታው የለም፤ ነቢያት የመረጡት እሱን መሆኑን ያለ ቅሬታ የምትቀበለው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፣ ማንም እንደማያመሰግናትም እያወቀች።